ለቅሶ የደረሱን ሰዎች ስልክ ቁጥር

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው ስትመጪ ድምፅሽ ሻክሮ ነበር፤ «ከማውራት ብዛት ነው፣ አባዬ» ብለሽ ሳቅሽ። አብራሽ የምታድረው ልጅስ እንዴት ናት? ፈተናችሁ አለፈ ወይስ ገና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር የምከሰው ነገር የለኝም። አክስትሽም ደህና ናት፤ «ያቺ ልጅ ስልክ የምታነሳው ቤት ለሚገዛ ሰው ብቻ ነው ወይ?» ብላ ሰላም ብላሻለች።

ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ስለሆነ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይ፣ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። መጀመሪያ «ደንበኛ ይዣለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። ሁለተኛ ስደውል ስልጠና ላይ ነበርሽ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩን ሳታዪ አነሳሽና «ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የሕልምዎን ቤት ልናሳይዎ ዝግጁ ነን» አልሽኝ። በገዛ ልጄ አፍ «እርስዎ» ስባል ደነገጥኩና እኔው ዘጋሁት። ደግሞም ስቆጣ ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። አንቺ የሕግ ተማሪ ነሽ፤ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ቧንቧ የያዝኩ ሰው ነኝ። በቃል ከገጠምኩሽ ቁጣዬን ሳልጨርስ ይቅርታ ስጠይቅሽ እገኛለሁ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱን ማጠቢያ ፈትቼ ጎማውን ስቀይር በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው እናትሽን በልጅነቷ ያስተማሯት ጡረተኛው መምህር ከነባለቤታቸው ቆመዋል። እሳቸው ጥቁር ኮት ለብሰው ጥቁር ከረባት አስረዋል፤ ባለቤታቸው ጥቁር ቀሚስ በጥቁር ሻሽ። በመምህሩ እጅ ግን በክር የታሰረ ቢጫ ፊኛ አለ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። መምህሩ ቁጭ እንዳሉ ፊኛውን ከወንበሩ እግር ጋር አሰሩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወንድሜ፣ የሚስትህን መታሰቢያ በሙዚቃ ነው እንዴ የምታከብሩት ብለው ጠየቁኝ። የሚሉት ሁሉ ግራ ገባኝ። ኋላ ነው ከሥር መሠረቱ ያስረዱኝ።

ደውለሽላቸዋል። «በእናቴ ስም አንድ ነገር ላሳይዎት፤ ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤትዎ ጋር ይምጡልኝ» ብለሻቸዋል። እሳቸው ምን ይጠርጥሩ? በሞተች ሴት ስም ቀጠሮ የተሰጠው ሰው የሚያስበውን አሰቡ። ጥቁራቸውን ከሳጥን አወጡ፤ ባለቤታቸው ወገባቸውን እያመማቸው ሁለት ታክሲ ለውጠው ደረሱ። በመሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ሁለት ወጣቶች «እንኳን ወደ ቤትዎ በደህና መጡ!» ብለው አጨበጨቡላቸው፤ ፊኛም ሰጧቸው። የመምህሩ ባለቤት ሙዚቃውን ሲሰሙ ምን ዓይነት ዘመን ላይ ደረስን ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ይኼኔ ያ «የቡድን መሪዬ» የምትይው ባለ ሰማያዊ ከረባቱ ጎረምሳ በደስታ የሚያለቅሱ መስሎት ድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ እናታችን ገና ቤቱን ሳያዩ ስሜታቸው ተነካ፣ ሲያዩት እንዴት ሊሆኑ ነው ብሎ አስጨበጨበባቸው።

መምህሩ ያሉኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ተማሪ ሲሰድበኝ አውቃለሁ፤ እያጨበጨበ የሰደበኝ ግን የለም፣ ይኼ አዲስ ነው አሉኝ። አንቺንም ከሩቅ አይተውሻል። አይተሽን ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ ይላሉ። ባለቤታቸው ደግሞ አላየችንም፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች ይላሉ። እኔ የባለቤታቸውን ማመን እፈልጋለሁ።

ከሸኘኋቸው በኋላ፣ ይህች ልጅ የመምህሩን ስልክ ከየት አመጣችው ብዬ አሰብኩ። ከእኔ አልወሰድሽም፤ እኔ ራሴ የለኝም። ከዚያ አንድ ነገር ውልብ አለብኝና ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ።

እናትሽ ያረፈች ቀን አክስትሽ በር ላይ ያስቀመጠችውን ሰማያዊ ደብተር ታስታውሻለሽ። ለቅሶ የሚደርሰን ሰው ስሙንና ስልኩን እንዲጽፍበት ነበር፤ ኋላ አንድ በአንድ ደውለን እንድናመሰግን። ሁለት መቶ አሥራ ምናምን ሰው ጽፎበታል። አንዳንዱ እንባው ጠብ ብሎ ቀለሙን እያጠፋው። ደብተሩ በቦታው ነው። አንቺም ስትመልሺው በጥንቃቄ፣ በልብሷ ሥር፣ እንደነበረ አድርገሽ አስቀምጠሽዋል። ውስጡን ስከፍት ግን በየስሙ ላይ በቀይ ቀለም ክብ ተከቧል። በየጎኑም ተጽፏል፤ «ትኩስ»፣ «ቀዝቃዛ»፣ «ለብ ያለ»። ትኩስና ቀዝቃዛ እኔ የማውቀው በቧንቧ ነው። ሰው እንደዚህ እንደሚከፈል አላውቅም ነበር።

አነበብኩት። መነጽሬን እየወለወልኩ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በአለቃዬ ስም ጎን፣ «ገንዘብ አለው፤ የምትወስነው ሚስቱ ናት»። በፀጉር አስተካካዩ ጎን፣ «ይቀልዳል፤ ሁለቴ ዘጋው»። እሱንማ ኋላ መንገድ ላይ አግኝቼው፣ ልጅህ ሰባተኛ ፎቅ ግዛ ትለኛለች፣ እኔ የደንበኛ ወንበር ከፍ ሳደርግ እንኳ ያዞረኛል ብሎ ስቆብኛል። የእናትሽን አስከሬን የወሰደውን ሾፌር እንኳ አልማርሽውም፤ «ቋሚ ገቢ እንዳለው ይጣራ» ብለሽ ጽፈሻል። እናትሽን ባስታመመችው ነርስ ስም ጎን ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «በጣም አልቅሳለች። በእናቴ በኩል።»

በእናቴ በኩል! እናትሽ በር ናት ወይ? ያንቺ መሥሪያ ቤት ሰው የሚገባባት በር?

ያ ሰው ሁሉ ስሙን ሲጽፍ የሰጠን አደራ ነው። በጨነቃችሁ ጊዜ ጥሩኝ ብሎ ነው የጻፈው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የሞተችውን ንቀሽ ነው ወይስ እኔን?

ይሁን፣ ፍርድ ላለማጉደል የራሴንም ልጻፍ። ይህን ሥራ ስትጀምሪ፣ የምታውቋቸውን መቶ ሰዎች ስም ሞልታችሁ አምጡ ብለው ወረቀት እንደሰጧችሁ ነግረሽኛል። «አባዬ፣ መቶ ሰው የሚያውቅ ተማሪ የት አለ? እኔ የማውቀው ከዶርም እስከ ክፍል ያለውን ነው» ብለሽ ስትጨነቂ፣ ሰው መች ጠፋ፣ ረጋ ብለሽ አስቢ እንጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሲቀጥሩሽ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን አፌን ሞልቼ፣ ልጄ ገና ኮሌጅ ሳትጨርስ ፎቅ ትሸጣለች ብዬ ጉራ ነዝቻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጓደኞቼ «ባለ ፎቁ» ይሉኛል። የተዘጋ ሽንት ቤት ልከፍት ጎንበስ ስል፣ ባለ ፎቁ፣ ከላይ እንዴት ይታያል እያሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ኩራት እንዲህ አድርጎ ነው ዓይን የሚጋርደው።

መምህሩን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ አንቺም ትጠይቂያቸዋለሽ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን በእሳቸው ምክንያት አይደለም። በነርሷ ምክንያት ነው።

ሰኞ ማታ ሲስተር መጣች። ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ነጭ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። እናትሽን ዘጠኝ ወር ያስታመመች ሴት ናት። ተረኛ ባልሆነች ቀን እየመጣች ፀጉሯን ታበጥርላት እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ውል ነው። ሰባተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ። የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ልትፈርም ቀጥረሻታል። ለመጀመሪያው ክፍያ እናቷ ያወረሰቻትን ሁለት ክፍል ቤት ልትሸጥ ገዢ አግኝታለች። እስኪያስረክቧት ድረስ ተከራይቼ እቆያለሁ፣ ልጅትዋ አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው ብላኛለች አለችኝ።

ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ጋሼ፣ እኔ የዚህን ነገር አላውቅም፣ እሷን ግን አውቃለሁ፣ የእርስዎ ልጅ ናት፤ ልፈርም ወይ አለችኝ።

ልጄ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል። ይህን ያህል የከበደኝ ጥያቄ ግን ጥቂት ነው። እሺ ብላት አላውቀውም፤ እምቢ ብላት አንቺን ነው የማዋርደው። እስከ እሑድ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። እኔን አመስግና!

ወረቀቱን ለእኔ ትታልኝ ነበርና ያን ሌሊት አነበብኩት። አንቀጽ ዘጠኝን አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ግንባታው በማንኛውም ምክንያት ቢዘገይ ገዢ የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅ አይችልም ይላል። በማንኛውም ምክንያት! እኔ ስምንተኛ ክፍል ነኝና የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። አንቺ ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ ውል የሚባል ትምህርት ፈተና ወድቀሽ ደግመሽ ተፈትነሽ እንዳለፍሽ ነግረሽኛል። ይህን አንቀጽ አንብበሽው ከሆነ እግዚአብሔር ይይልሽ። ካላነበብሽው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ከረምሽ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ስንቱን ቢያዩ ነው።

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የግንባታውን ቦታ ለማየት ሄድኩ። የዕቃ ቦርሳዬን ይዤ ነበር፤ ቦርሳ የያዘን ሰው ማንም የት ትሄዳለህ አይለውም። ከመንገዱ ዳር ያለው ትልቅ ሥዕል እውነትም ያምራል። ፎቁ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሕፃን አለ። ከሥዕሉ ጀርባ የቆርቆሮ አጥር ነው። ዘበኛው ቦርሳዬን አይቶ በደስታ ተቀበለኝ። ፋዘር፣ በመጨረሻ ፓምፑን አመጣህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጠብቅህ አለኝ። ምን ፓምፕ ብለው አስገብቶ አሳየኝ።

ጉድጓድ ነው። ሌላ ምንም የለም። ሰፊ፣ ጥልቅ፣ በአረንጓዴ ውኃ የተሞላ ጉድጓድ። ከመሀሉ የቆሙት የብረት ዘንጎች ዝገው ቀይ ሆነዋል። በገመድ ጫፍ መፍቻ አስሬ ወደ ታች ሰደድኩት፤ ሁለት ሜትር ተኩል ገብቶም መሬት አልነካ። ውኃው የዝናብ ብቻ አይደለም፤ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ፣ ከሥር ያመነጫል። እዚህ ላይ አሥራ ሁለት ፎቅ ለማቆም መጀመሪያ ይህን ውኃ ማሸነፍ አለባቸው። የሚያሸንፍ ሰው ግን በቦታው አላየሁም። ዘበኛው እየሳቀ፣ ጎረቤቶቼ እንቁራሪቶች ናቸው፣ ጥሩ ጎረቤት ናቸው፣ ኪራይ የሚባል አይከፍሉም እንጂ አለኝ። ሰባተኛው ፎቅ የሚሆንበትን ቀና ብዬ አየሁት። አየር ነው። ሲስተር የእናቷን ቤት ሸጣ የምትገዛው ያንን አየር ነው።

ሻጮቹ መጥተው አያዩም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ደንበኛ ይዘው ይመጣሉ፣ ሥዕሉ ፊት ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ፤ ከአጥሩ ወዲህ የዘለቀ የለም አለኝ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ አንድ ቀን ብቻዋን መጥታ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብዙ ቆማ አየች፣ ውኃ ልስጥሽ ብላት አይ ብላ ሄደች አለኝ።

መልኳን አልጠየቅኩትም።

ሐሙስ ቢሮሽ መጣሁ። አዎ፣ መጥቻለሁ። ቆቤን አጥልቄ፣ ገዢዎችን በምትሰበስቡበት አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ናሙናውን ቤት አስጎበኙን። ዓይኔ ልማዱ አይለቀውምና ከማጠቢያው ሥር እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ፤ ቧንቧ የለውም። የሚያብረቀርቀው መክፈቻ ድንጋዩ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። አስጎብኚዋ ልጅ፣ አባታችን፣ ይኼ ለማሳያ ነው አለችኝ። መልሱ አልከፋኝም። ማሳያ ምን ጊዜም ማሳያ ነው።

ከዚያ አንቺ ወጣሽ። መብራቱ ፊትሽ ላይ ስለነበር እኔን አታዪኝም። ያ ግራጫ ኮት ያምርብሻል። ስታወሪ ደግሞ የእናትሽ አንገት ነው ያለሽ። እንዲያ ቆመሽ ላይሽ የምመኘው በፍርድ ቤት ነበር።

ስለ እናትሽ አወራሽ። ለሰባ ሰው፣ በድምፅ ማጉያ። በሽታዋን ይዛ ሁለት ጊዜ ቤት መቀየሯን፣ ከነፍራሿ በወንድሞች ትከሻ ደረጃ መውረዷን ተናገርሽ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ መሀረብ አወጣች። ደሜ ፈላ። ተነስቼ፣ ይህች ልጅ የሞተች እናቷን እየሸጠች ነው፣ አትስሟት ልል ወንበሩን ጨብጬ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ተነስቼ ነበር። ግማሽ ቆሜ ሳለሁ ነው እንዲህ ያልሽው።

«እናቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትል ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ፣ ውጡ የማይሉኝ በር ዘግቼ ብተኛ። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ ምን ያድርግ፣ መሥሪያ ቤቱ ቤት ሲያድል ዕጣ ሳይደርሰው ቀረ። እኔ ግን ዕጣ አልጠብቅም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።»

ሰው አጨበጨበ። እኔ መልሼ ተቀመጥኩ።

ያን ቃል የምትለኝ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አንቺ ተኝተሻል ብለን ነበር። እኔም፣ እዚህ ምድር ላይ ሁላችንም ተከራይ ነን እላት ነበር። መልስ መስሎኝ። እግዚአብሔርን የማክበር መስሎኝ። እሷ ዝም ትላለች፤ እኔም አሳመንኳት ብዬ እተኛለሁ።

ዕጣው የወጣ ዓመት አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር። የባለ ዕድሎቹ ስም በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ቀን ብቻ ተለጥፎ ዋለ። እናትሽ ልሂድና ልይ ብላ ጫማዋን ልታደርግ ስትል፣ አትልፊ፣ እኔ አይቼዋለሁ አልኳት። ዕቃ ግምጃ ቤት አብሮኝ ይሠራ የነበረውን፣ ባለ አምስት ልጆቹን ሰውዬ ታውቂዋለሽ። አሁንም በዚያው በዕጣ በተገኘው ቤት ነው የሚኖረው። ባየኝ ቁጥር ከመንገድ ማዶ ተሻግሮ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል። እናትሽ ታይና፣ ይህ ሰው እንዴት ያለ ትሑት ነው ትለኝ ነበር።

ከአዳራሹ ስወጣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በአንቺ ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት። አውቶቡሱ ሲመጣ በማን እንደተቆጣሁ ጠፋኝና ሳልሳፈር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ።

አሁን ግን ዓርብ ነው፣ ራሴንም አረጋግቻለሁ፤ ቁጣዬም ወደ ቦታው ተመልሷል። በጭብጨባው አታለሉሽ። የመሥሪያ ቤትሽ ባለቤቶች ያንን ጉድጓድ በሃያ ዓመት ልጅ ከንፈር እየሸፈኑ ነው። ነገ ሰው ቤቴ የት አለ ብሎ ሲመጣ ባለ ሰማያዊ ከረባቱን አያገኘውም፤ የሚያገኘው አንቺን ነው፤ ስልክሽ በየሰው ቤት አለ። የሦስት ወር ሙከራሽ ሊያልቅ እንደሆነ፣ ሦስት ውል ካላስፈረምሽ እንደሚያሰናብቱሽ፣ የሲስተር ውል ሦስተኛው መሆኑንም አውቃለሁ። ያሰናብቱሽ። የቤታችንን ኪራይ ነገር አታስቢ፤ እኔ ቅዳሜና እሑድ የግል ሥራ እይዛለሁ። ለእኔም ብለሽ ቤት ልትገዢ እንደምታስቢ ለአክስትሽ ነግረሻታል። እኔን ከኪራይ ቤት ለማውጣት ሲስተርን ወደ ኪራይ ቤት ማስገባት አለብሽ ወይ?

ያየሁትን ሁሉ እኔ ልነግራት እችላለሁ። ትናንት ከአዳራሹ ስመለስ እስከ በሯ ደርሼ፣ እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ተመልሻለሁ። ከእኔ ከሰማችው የምትድነው እሷ ብቻ ናት። ከአንቺ ከሰማችው ግን ሁለት ናችሁ። እሑድ ከቀትር በኋላ ከሥራ የምትወጣው በሆስፒታሉ የኋላ በር ነው። ከአጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ጠብቂያት። ጉድጓዱን እንዳየሽው ንገሪያት። አላየሁትም እንዳትይኝ፤ እኔን ብታታልዪኝ ግድ የለም፣ እሷን ግን አታታልዪያት። ማመካኛ አትፈልጊ፣ ባለ ከረባቱን አታንሺ፣ እናትሽንም አትጥሪ። አንቀጽ ዘጠኝን ጣትሽን ጭነሽ አንብቢላት። እስከ እሑድ ማታ ካልሄድሽ ሰኞ ንጋት ላይ እኔ በሯ ላይ ነኝ፤ በዚህ አትጠራጠሪ።

ትፈሪያለሽ፤ አውቃለሁ። ትቆጣሻለች። በሆስፒታሉ በር ላይ ሰው እየሰማ ትጮህብሽ ይሆናል። ያን ጊዜ እንዳትሸሺ፤ ቁሚና ስሚያት። የበደሉት ሰው በሕይወት ኖሮ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ሊቆጣ መቻሉ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ልጄ። ሁሉም ሰው አያገኘውም።

ከእሷ ስትለያዪ በቀጥታ ወደ ቤት ነዪ። እኔም ስለዚያ ዕጣ የምነግርሽ አለኝ፤ በወረቀት የሚሆን አይደለም። አንቺም ያኔ እንዳትራሪልኝ።

የምታምኚው አምላክ እሑድ ምላስሽን ይፍታልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። በማንም ፊት ዓይንሽን ሳትሰብሪ የምትኖሪበትን ዕድሜ ይስጥሽ። ሳልሽንም ይውሰድልሽ። አሜን።

ተቆጥቶም የሚወድሽ፣
አባትሽ